ብረቱ፣ መስተዋቱና እንግዳው

መጽሐፍ ሲታተም ሂስ ይጻፍለታል። ቴአትር መድረክ ላይ ሲወጣ፣ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት፣ ፊልም ሲመረቅ ሐያሲው ብዕሩን ያነሳል። በየከተማውና በየሰፈሩ ወጣቱ በየቀኑ የሚመላለስበት፣ ገንዘቡን፣ ጊዜውንና ላቡን የሚያፈስበት አንድ ቤት ግን ሐያሲ ዞር ብሎ ሲያየው አላጋጠመኝም። ጂም ቤትን ማለቴ ነው።

«ደግሞ ብረት መግፋት ምን የሂስ ቁም ነገር አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አለው። ጂም ቤት ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍና ሥዕል አለው። ሙዚቃ አለው፤ መስተዋት አለው፤ የራሱ ቋንቋ፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ ጀግኖችም አሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ምን መምሰል እንዳለበት የሚናገር ቤት ነው። ስለ ሰው መልክ የሚፈርድ ነገር ሁሉ በተራው ሊፈረድበት ይገባል።

እኔ በጽሑፍ ክፍያ የምተዳደር፣ ደመወዝ የሌለኝ ጸሐፊ ነኝ። ሥራው ከአዲስ አበባ እያወጣ አንድ ሰሞን ሐዋሳ፣ ሌላ ጊዜ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ያሳድረኛል። ጓዜን ካሳረፍሁ በኋላ ለማረፊያው ዘበኛ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «እዚህ አካባቢ ብረት የሚገፋበት ቤት አለ?» የሠፈሬን ጂም ቤት ለምጄዋለሁና አላየውም። የሰው አገር ጂም ውስጥ ግን ፎጣ የሚሰቀልበት ሚስማር እንኳ ይታያል። ማን ቀድሞ ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ማን የማን ተራ እንደሚጠብቅ፣ ዝምታው የመከባበር ይሁን የመፈራራት፣ እንግዳ የሆነ ሰው ሁሉንም ያነበዋል። ይህ ጽሑፍም ከዚያ ንባብ የተገኘ ነው።

«ሰውነት» እና ታሪኩ

«ጂምናዚየም» ግሪኮች ራቁት ለማለት ከሚሉት ቃል የወጣ ነው። ወጣቶቻቸው ዕርቃናቸውን ሆነው ይሮጡበትና ይታገሉበት ነበር። ይሁን እንጂ ቦታው የክንድ ብቻ አልነበረም። አፍላጦን ያስተማረበት አካዳሚም፣ አርስጣጣሊስ ያስተማረበት ሊሲየምም ጂምናዚየም የነበረባቸው ሥፍራዎች ናቸው። ክርክሩና ትግሉ አንድ አጥር ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

በአዲሱ ዘመን ነገሩ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1811 ፍሪድሪሽ ሉድቪግ ያን የተባለው ጀርመናዊ በርሊን አጠገብ የልምምድ ሜዳ ሲከፍት ዓላማው በናፖሊዮን ለተሸነፈው አገሩ ጠንካራ ወጣት ማፍራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 ለንደን ላይ የተመሠረተውና እኛ ወወክማ የምንለው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ደግሞ እየዋለ እያደረ ሥጋን ከነፍስ ጋር ማሠልጠን ያዘ። ቅርጫት ኳስም እ.ኤ.አ. በ1891 የተፈጠረው አሜሪካ ውስጥ በዚሁ ማኅበር ማሠልጠኛ ነው። በንጉሡ ዘመን አዲስ አበባ ያደጉ ሰዎች የልጅነት ስፖርታቸውን ሲያወጉ ወወክማን ሳያነሱ አያልፉም።

ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በአንድ ትርዒተኛ በኩል ነው። ዩጂን ሳንዶው ይባላል። ከእርሱ በፊት የነበሩት ጉልበተኞች ሰው የሚያየው ያነሱትን ነበር። ሳንዶው ራሱን አሳየ። መብራት አስበርቶ፣ እንደ ሐውልት ቆሞ፣ ጡንቻውን በየተራ እያወጣ ለተመልካች አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1901 በለንደኑ ሮያል አልበርት ሆል ባዘጋጀው የሰውነት ውድድር ላይ ከዳኞቹ አንዱ የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ነበር። «ምን ታነሳለህ?» የሚለው ጥያቄ «ምን ትመስላለህ?» በሚለው ተተካ። ዛሬም «ሚስተር ኦሎምፒያ» የሚባለው ውድድር ለአሸናፊው የሚሰጠው የሳንዶውን ሐውልት ነው።

በእኛ ዘንድ ክንድ የሚወደሰው በሠራው ነው። በፉከራውና በቀረርቶው ውስጥ ጀግናው የሚቆጥረው የጣለውንና የመለሰውን ነው እንጂ የደረቱን ስፋት አይደለም። ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። «ሰውነት» ስንል አካልንም ሰው መሆንንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ስለዚህ አንድ ወጣት «ሰውነት እየሠራሁ ነው» ሲለኝ «የትኛውን?» ብዬ መጠየቅ ያምረኛል። ጂም ቤቶቻችንን የምመዝነውም በዚሁ ሚዛን ነው።

ሆቴሉ

የጽሑፍ ሥራ ያሠራኝ ድርጅት ደህና ሲሆን ትልቅ ሆቴል ያሳርፈኛል። የሆቴል ጂም ከተማ የለውም። ሐዋሳም ሁን አዳማ፣ መስኮቱን ከሸፈኑት የት እንዳለህ የሚነግርህ ነገር የለም። ማሽኑ ያው ነው፤ ነጩ ፎጣ ያው ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ዜና የሚያሳየው ቴሌቪዥንም ያው ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ጎን ለጎን አርባ ደቂቃ ያህል ስንሮጥ ቆየን። ሁለታችንም ጆሯችን ውስጥ ሙዚቃ ሰክተናል። ከዚያ ሊፍቱ ውስጥ ተገናኘንና ገና አሁን እንደ ተያየን ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ» ተባባልን።

ስለ መሮጫ ማሽኑም አንድ ነገር ልበል። የዚህ ዕቃ ቅድመ አያት የእስር ቤት መቅጫ ነበር። ዊልያም ኪዩቢት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1818 ገደማ ለእስረኞች ማሠሪያ ብሎ ያወጣው፣ ደረጃ ያለው ትልቅ መንኮራኩር ነው። እስረኞች ተራ በተራ እየረገጡት ይወጣሉ፤ እርሱ ግን ይሽከረከራል እንጂ የትም አያደርስም። አንዳንዱ እህል ይፈጭ ነበር፤ አንዳንዱ ግን ምንም ሳይፈጭ ለቅጣት ብቻ ይዞር ነበር። ደራሲው ኦስካር ዋይልድም እ.ኤ.አ. በ1895 በታሠረ ጊዜ ረግጦታል። በእንግሊዝ ቅጣቱ በሕግ እንዲቀር የተደረገው በ1898 ነው። ወደ ቤትና ወደ ጂም የገባው የዛሬው ማሽን የመጣው ደግሞ በ1960ዎቹ፣ ኬኔት ኩፐር የተባለው ሐኪም ስለ ልብና ሳንባ ልምምድ በጻፈበት ዘመን ነው።

ለፍትሕ ያህል ይህን ልጨምር። ማሽኑ የልብ ሕመም ያለበትን ሰው በልክ ያስሮጣል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በማታውቀው ከተማ መንገድ ላይ ለመሮጥ የማትደፍር ሴት መንገደኛም ሆቴሉ ይጠቅማታል። የእኔ ሂስ ከማሽኑ ጋር አይደለም። ከመንደራችን ርቀን የምንሄደው ሰው ለማየት ሆኖ ሳለ ሰው የሌለበትን ክፍል እንደ ምቾት መቁጠራችን ነው ያልተዋጠልኝ።

የሰፈሩ ቤት

ዘበኛው የሚጠቁመኝ ቤት ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ ከብየዳ ቤት ጀርባ ወይም ከሱቅ በላይ የሚገኝ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነው። ወለሉ ላይ የመኪና ጎማ ተቀዶ ተነጥፏል። አግዳሚው በላሜራና በቱቦ ብረት እዚያው ሰፈር የተበየደ ነው። ከውጭ ከመጣው ዲስክ ጎን ሲሚንቶ የተሞላ የቀለም ጣሳ፣ ከአሮጌ መኪና የተፈታ ማርሽ፣ በፌሮ የተያያዘ ድንጋይ ይገኛል። አንድ ቤት ውስጥ «አይሱዙውን ጨምርለት» ሲባል ሰምቼ ዞር ብዬ አየሁ። ከጭነት መኪና የወጣውን ከባድ ብረት ለካ ስም አውጥተውለታል። ኪሎው ያልተጻፈበት ብረት ስም ይኖረዋል። ጀማሪውም ዕድገቱን የሚለካው በቁጥር ሳይሆን «አይሱዙውን አነሳሁ» በማለት ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የባለቤቱ ነው፤ «ክብደቱን ወደ ቦታው ይመልሱ»፣ «ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም»፣ «የወር ክፍያ በቅድሚያ»። የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ሰላምታ የለውም። ሁለተኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ያለ ሥቃይ ትርፍ የለም የሚለው። ትርፍ! የነጋዴ ቃል ነው። ሁለቱም ጽሑፎች እዚያ ቤት ውስጥ የሚደረገውን ነገር አይናገሩም።

በቃል የሚነገረውን ስሙ እንጂ። እንግዳ ገብቶ ብረት ሥር ሲተኛ፣ ማንም ሳይጠራው አንዱ ከራስጌው ይቆማል። «ልያዝልህ?» ይለዋል። ይህ ቀላል ቃል አይደለም። ስምህን የማያውቅ ሰው፣ ክንድህ ከከዳህ ብረቱ ደረትህ ላይ እንዳይወድቅ ዋስ ሊሆን ነው። በአሠልጣኝ ቋንቋ ስለ ክብደትና ስለ ድግግሞሽ ብዙ ይባላል፤ የዚህን የዋስትና ነገር ግን ማንም አያስተምረውም፤ ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል። ድሬዳዋ ላይ «አቦ፣ አንዲት ጨምር!» ብለው ያስጨርሱሃል። አንቱታ አያውቁም፤ ትልቁም ትንሹም «አንተ» ነው። ባሕር ዳር ላይ «አይዞህ ወንድምዓለም» ይሉሃል። ሐዋሳ ላይ አንድ አሥራ ሰባት ዓመት የማይሞላው ልጅ «ጋሼ፣ ወገብዎትን ያቅኑ» ሲለኝ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለሁት ሰውዬ ዕድሜዬን ከመስተዋቱ ይልቅ ከአፉ ሰማሁት።

ባሕር ዳር በነበርሁበት አንድ ምሽት መብራት ጠፋ። ሙዚቃው ተቋረጠ። ሆቴል ቢሆን ኖሮ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ማሽኑም ሰውም ይቆማል። እዚያ ግን ብረቱ መብራት አያስፈልገውምና ሥራው ቀጠለ። አንዱ የስልኩን መብራት ጣሪያው ላይ አነጣጠረ። ድምፅ ማጉያው ዝም ሲል የሰዎቹ ድምፅ ወጣ። አንዱ ይገፋል፤ የቀሩት ይቆጥራሉ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ «ያዝ!»፣ ዘጠኝ፣ «ጀግና!»። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ከውጭ የመጣ ሙዚቃ የሸፈነውን ነገር ሰማሁ። ፉከራ ነው። ግጥሙ አጥሮ፣ ጠላቱ ከጭነት መኪና የተፈታ ማርሽ ሆኖ፣ ግን ያው ፉከራ ነው። አንዱ ሲፎክር ሌላው ያበረታል፤ ሌላው ሲደክም አንዱ ይደግፋል።

በአጭሩ የሰፈሩ ጂም ቅርጹ የተውሶ፣ ይዘቱ የራሱ ነው። መስተዋቱ፣ ፎቶግራፉ፣ ሙዚቃውና የእንግሊዝኛ ጽሑፉ የተውሶ ናቸው። «ልያዝልህ?» እና «አይዞህ» ግን የራሱ ናቸው።

ፎቶግራፉ የማይናገረው

ይሁን እንጂ የሰፈሩን ቤት አወድሼ ብቻ ባልፍ ሐያሲ ሳይሆን አዝማሪ መሆኔ ነው። የተውሶው ቅርጽ ይዘቱን እየበላው ነውና።

በየግድግዳው ሁለት ሰዎች ተሰቅለዋል። አንደኛው «ሚስተር ኦሎምፒያ»ን ሰባት ጊዜ ያሸነፈው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው። ሁለተኛው ከ1998 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ስምንት ጊዜ ያሸነፈው ሮኒ ኮልማን ነው። ፎቶግራፎቹ የሚያሳዩት ጥቂት ሰከንድ ነው፤ በዘይት ያበራ ገላ፣ የተወጠረ ደረት። ሽዋርዘኔገር በወጣትነቱ ስቴሮይድ የሚባለውን መድኃኒት መውሰዱን ራሱ በአደባባይ መናገሩን ፎቶግራፉ አይናገርም። ኮልማን ጀርባውና ዳሌው ደጋግሞ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ፣ ዛሬ ያለ ክራንች መራመድ የተሳነው ሰው መሆኑንም አይናገርም። አሥራ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ግን በየቀኑ ራሱን የሚለካው በዚያ ሰከንድ ነው። በአንድ በኩል ፎቶግራፉ፣ በሌላ በኩል መስተዋቱ። መካከላቸው ቆሞ ሲያይ ሁልጊዜ የጎደለው እርሱ ነው።

በአንድ ከተማ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ከእኔ ጋር ሁለት ቀን ሠርቷል፤ ብረት ይዞልኛል፤ ይዤለታለሁ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ መርፌው ጥሩ ነው ይላሉ፤ በሦስት ወር ያሳብጣል፤ ምን ይመስልዎታል?» አለኝ። ማን እንደሚሸጥለት ስጠይቀው በአገጩ ወደ አዳራሹ አመለከተ። የታመነው ሰው ዘንድ ነው ያለው። ልጁን በጎን አስቀምጬ የማውቀውን ነገርሁት። ይህ መድኃኒት የወንድነትን ቅመም የሚመስል፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን እንዲያቆም የሚያደርግ ነው። የዘር ፍሬ ያኮማትራል፤ የዘር ፈሳሽ ያመክናል። የደም ግፊት ያነሳል፤ ልብን ያወፍራል፤ በአፍ የሚወሰደው ጉበትን ይጎዳል። ቁመቱ ገና ላልቆመ ልጅ ደግሞ አጥንቱ ዕድገቱን ቶሎ እንዲያቆም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ቤን ጆንሰን በ9.79 ሰከንድ የሮጠውን መቶ ሜትር ያስቀማው የዚሁ ወገን መድኃኒት ነው። «ታዲያ እነሱ እንዴት…» አለና ግድግዳውን አየ። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ከእኔ ቃል ይልቅ ፎቶግራፉ ይታመናል፤ የኔ ቃል ምስል የለውምና።

የሚገርመው ነገር የዓለም ሕዝብ እኛን የሚያውቀን በሌላ ዓይነት አካል መሆኑ ነው። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ የማራቶንን ወርቅ ሲወስድ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ከሚያስፈልገው ያልተረፈ አካል ነበረው። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ስትሆን እንዲሁ። በገባሁባቸው ጂም ቤቶች የአበበን ፎቶግራፍ ያየሁት በአንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ሒሳብ መቀበያው ጀርባ፣ ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ። የደራርቱን አላየሁም።

የሌሉት

ደራርቱን ካነሳሁ ዘንድ፣ ሂሴ የሴቶቹን ነገር ማለፍ አይችልም። «እንግዳ እንቀበላለን» የምንለው እንግዳው ወንድ ሲሆን ነው። አብራኝ ለሥራ የተጓዘች አንዲት ባልደረባዬ እኔ የተወደስሁበት ቤት ውስጥ ገብታ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ወጣች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። «ሁሉም አየኝ እንጂ ማንም ሰላም አላለኝም» አለች። ያው ቤት፣ ያው ልጆች፣ ያው «ልያዝልህ?»፤ ለእርሷ ግን ቃሉ አልተገኘም። «ልያዝልሽ?» ማለት ነውር እንዳይመስል ፈርተው ይሆናል። ፍርሃቱ ከጨዋነት ቢመጣም ውጤቱ በር መዝጋት ነው። አንዳንድ ከተማ የጠዋቱን ሰዓት ለሴቶች ብቻ ያደረጉ፣ ሴት አሠልጣኝ የቀጠሩ ባለቤቶች አጋጥመውኛል። በእነዚህ ቤቶች የአራት ልጆች እናት ነጠላዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ ስትሠራ ይታያል። የሰዓት ክፍፍሉ የመጨረሻ መልስ ነው አልልም፤ በር ከፋች ግን ነው።

ሽማግሌዎቹም የሉም። ጉልበታቸው እያነሰ ሲሄድ፣ መውደቅና መሰበር ሲመጣ፣ ጡንቻ የሚያስፈልጋቸው እነርሱ ሆነው ሳለ ጂሙ ለልጅ የተተወ ሆኗል።

የሚቻል መሆኑን

«ጂም ጂም ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልግበታለህ?» ለሚለኝ የኢራኖቹን ዙርኻኔ እጠቅስለታለሁ። ትርጉሙ የኃይል ቤት ማለት ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው፣ ከወለሉ ዝቅ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ሰዎች ከባድ የእንጨት ዱላ ያሽከረክራሉ፤ ሰንሰለት ያለው የብረት ቀስት ያነሳሉ። ከፍ ካለው መቀመጫ ላይ ሙርሺድ የሚባለው መሪ ከበሮ እየመታ የፊርደውሲንና የሃፌዝን ግጥም ያዜማል። የተከበረ ሰው ሲገባ ደወል ይደወልለታል። ዝቅ ብሎ መግባት፣ ትሕትና፣ ደካማን መርዳት የሥልጠናው አካል ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ግጥምና ጡንቻ አንድ ጣሪያ ሥር ሊያድሩ ይችላሉ ማለት ነው። ግሪኮቹ ያውቁት ነበር፤ ኢራኖቹ ይዘውታል፤ እኛም መብራት ሲጠፋ ትዝ ይለናል።

እንቅዳው አልልም። የተውሶ ቅርጽን ነቅፌ ሌላ የተውሶ ቅርጽ ላመጣ አይገባኝም። የምለው በእጃችን ያለውን እንወቀው ነው። ጂም ቤት ላላችሁ ወገኖች የማቀርበው ጥያቄ ብዙ ወጪ የለውም። ከማስታወቂያችሁ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የምትል አንዲት መስመር ትግባ። በቀን ጥቂት ሰዓት ሙዚቃው ይቀነስና ሰው ሰውን ይስማ። ከሁለቱ ግዙፋን አጠገብ አበበና ደራርቱ ይሰቀሉ። ለእናቶችና ለሽማግሌዎች የሚሆን ሰዓት ይኑር። መርፌ የሚሸጠው ሰው ደግሞ፣ አሠልጣኝም ይሁን የልብ ወዳጅ፣ ከበሩ ይመለስ፤ ይህኛው ልመና አይደለም። «ልያዝልህ?» ብሎ ከራስጌ የቆመ ሰው ብረቱን መልሶ ደረት ላይ አይለቅምና።

ያ ልጅ መርፌውን ይውሰድ አይውሰድ አላውቅም፤ በማግስቱ ከከተማው ወጣሁ። እንግዳ ሁለት ቀን ብረት ይይዛል፤ ከዚያ ይሄዳል። የሚቀረው ቤቱ ነው። ስለዚህ ይህን ሂስ የጻፍሁት ለብረት ገፊው ሳይሆን ለቤቱ ነው። ሰውነት እንሠራለን ያሉ ቤቶች ቃሉን በሙሉ ትርጉሙ ይውሰዱት።